አሮጌውን አጥፋው

አባቷ ሲደውሉ ሰላምታ አይዘሉም። እንዴት አደርሽ፣ ምን በላሽ፣ ደህና ነሽ ወይ ሳይሉ ወደ ጉዳያቸው ገብተው አያውቁም። ያን ሐሙስ ጠዋት ግን ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «መዝገቡ አልከፈት አለኝ» አሉ።

እሷ ከማለዳ ጀምሮ ሰልፍ ላይ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሩቅ አገር ተምራ ይዛው የመጣችው ዲፕሎማ እውነተኛ መሆኑን ሌላ ወረቀት እንዲመሰክርላት ስትመላለስ ስምንት ወር ሆኗታል። ዛሬ ከፊቷ የቀረው አራት ሰው ብቻ ነው።

«የቱ ላይ ነው አልከፈት ያለህ?»

«አሮጌው ላይ።»

ግራ ገባት። አሮጌውን እንዲያጠፉት ከአንድ ሰዓት በፊት በዚሁ ስልክ ነግራቸዋለች፤ እሳቸውም «እሺ» ብለዋታል። የጠፋ ነገር እንዴት ሆኖ ነው አልከፈት የሚለው? ከኋላዋ ያለው ሰውዬ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ ወደ መስኮቱ ያያል። ተራዋን ለእሱ ትታ ወጣች።

የአባቷ መሥሪያ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ቀለሙ በተላጠ ፎቅ ምድር ቤት፣ በሩ ላይ «የተጠፋፉ ቤተሰቦች አፈላላጊ ጽሕፈት ቤት» የሚል ሰሌዳ ያለበት። አባቷ እዚያ ሃያ ሰባት ዓመት መዝገብ ይዘዋል፤ ከዚህ የተነሳ ሰው ሁሉ ጋሽ መዝገብ ይላቸዋል። እዚያ ቤት የሚፈልገው ሰው «ፈላጊ»፣ የሚፈለገው ደግሞ «ተፈላጊ» ነው። «እህቴ ሌባ ናት እንዴ፣ ተፈላጊ የምትሏት!» ብሎ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው በወር አንዴ አይታጣም። ማንም በስሙ አይጠራም፤ በቁጥሩ ነው። አባቷ አራት ሺህ ከምናምን ቁጥር ከነታሪኩ በጭንቅላታቸው ይዘው ይዞራሉ፤ የመነጽራቸው ቦታ ግን በቀን ሦስቴ ይረሳቸዋል።

በሩ ላይ ዘበኛው ብድግ አለ። «ኢንጂነር! ጠፋሽ እኮ!»

ትናንት አይቷታል።

አባቷ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሬሳ ፊት እንደቆመ ሰው አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ቆመዋል። ስክሪኑ ላይ «ፋይሉ ተበላሽቷል። ባለሙያ ያነጋግሩ» የሚል ጽሑፍ አለ። ባለሙያ የተባለችው እሷው መሆኗ ትዝ አላት። ይህን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው እሷ ናት፣ በነጻ፣ ሥራ እስክታገኝ እጄ እንዳይፈታ ብላ።

«ምን ነካው?»

«እኔ ምን አውቄ። ከፈትኩት፤ ይኼን አለኝ።»

«አባዬ፣ አሮጌው ላይ ምን ትሠራለህ? አዲሱ ላይ አይደል እንዴ የምታስገባው?»

አባቷ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር በሐፍረት አዩ። ማዶ ጠረጴዛ ላይ አቧራ እንዳይነካው ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል፤ ላስቲኩን ያለበሱት እሳቸው ናቸው።

«ቁልፎቹ ለጣቴ ጠበቡኝ። እስክለምደው ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ።»

እሷ መዝገቡን ወደ አዲሱ የገለበጠችው ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ከሰኞ ወዲህ የገባው ሁሉ ያለው እዚህ፣ አልከፈትም ባለው ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። «ስንት ሰው አስገባህ?» አለች።

«ሃያ ሦስት።» አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባትም እዚያ ውስጥ ናት።»

ይህቺን ቁጥር እሷም ታውቃታለች፤ ማክሰኞ ማታ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከሩቅ ከተማ አንዲት ሴት ደውላ፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በጎርፉ ዓመት የተለያት ትንሽ ወንድም እንዳላት ትናገራለች። አባቷ ገና ሳትጨርስ የስልኩን እጀታ እንደያዙ ከወንበራቸው ተነሥተዋል። ቁጥር ዘጠኝ መቶ ስድስት፣ አንድ የተሳቢ ሹፌር፣ ይህችኑ እህቱን አሥራ አራት ዓመት ሲፈልግ ኖሯል፤ በከተማው ባለፈ ቁጥር ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ምን አዲስ?» ይላል። ሴትየዋ የደወለችው ከጎረቤት ስልክ ነው። ቅዳሜ ልጇን ተከትላ ባሕር ማዶ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ስልክ አትገኝም። ሹፌሩ መንገድ ላይ ስለሆነ ስልኩ አይሠራም፤ አባቷ በስምሪት ክፍሉ በኩል መልእክት ትተውለት ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሲያልፍ ይገባል። ቁጥሩን ለስምሪቱ ሰውዬ አልሰጡም። የተገኘ ሰው አድራሻ ለፈላጊው በእጁ፣ አስፈርሞ ነው የሚሰጠው፤ ደንብ ነው።

የግድግዳው ሰዓት አራት ተኩል ይላል።

«ወረቀት ላይ አልጻፍከውም?» አለች፤ ከአፏ እንደወጣ ብትመልሰው በወደደች።

ከሦስት ሳምንት በፊት «ወረቀት ላይ ጽፎ መገልበጥ ሁለት ሥራ ነው፣ አባዬ፤ ቀጥታ አስገባ» ብላ ደብተራቸውን ከጠረጴዛው ያነሳችው እሷ ናት። ያን ቀን እጃቸው እስክሪብቶ ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ሲዳብስ አይታ ስቃባቸዋለች።

«የቢሮው ስልክ...»

«ባለገመድ ነው፤ የደወለ አያሳይም።» አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መጨረሻው ላይ ሁለት ስምንት ነበረው። ወይ ሦስት። ያው፣ እሱ ይይዘዋል ብዬ ልብ አላልኩትም።» እሱ ሲሉ በአገጫቸው ኮምፒውተሩን አሳዩ፤ አደራ የበላ ዘመድ ይመስል።

የተማረችው የመጀመሪያ ነገር የታመመውን ፋይል ራሱን ሳትነካ በቅጂው ላይ እንድትሠራ ነው። ፋይሉን በፍላሽ ገለበጠች፣ የአዲሱን ላስቲክ ገፈፈች፣ የፋይልን ሆድ ዕቃ እንዳለ በሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተችው። ያየችው ነገር ራስም ጭራም የለውም። አንዱ ሰው ሁለት ቦታ ተጽፏል፣ ሌላው ከወገቡ ተቆርጧል፤ የአንዷ አክስት ከሌላው የልብስ ቀለም ጋር ተጋብታለች። ዲስኩ እንዳልሞተ መርምራ አረጋገጠች። ቫይረስም የለም። ዕቃው ግማሹ ተጭኖ፣ ግማሹ ደጅ ላይ ተበትኖ፣ ተሸካሚዎቹ የተሰወሩበት ቤት ነው የሚመስለው።

«መብራት ጠፍቶ ነበር?» ብላ ወደ ደጅ ጮኸች።

«ዛሬ?» አለ ዘበኛው። «ኧረ ዛሬስ ብልጭ አላለም! ሬዲዮዬ ምስክር ነው።»

«አባዬ፣ ማጠጋጊያውን አስኪደህ ነበር?»

ማጠጋጊያ የሚሉት በየሐሙሱ የሚካሄደውን ጥገና ነው። ቤተሰቡን ያገኘ ሰው ከመዝገቡ ሲወጣ ቦታው ክፍት ይቀራል፤ ጥገናው የቀሩትን አንድ በአንድ እያነሳ ያጠጋጋቸዋል። አርባ ደቂቃ ይፈጃል።

«ሐሙስ አይደል? ታዲያ!»

«አለቀ?»

አባቷ በመገረም አዩዋት። «ምን ብሎ ያልቃል?»

ይህን መልስ ምን ታድርገው? ያረጁ መሰላት። ደግሞ የደበቁ መሰላት። ወደ ስክሪኑ ተመልሳ አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባትን ትፈልግ ገባች። አገኘቻት። «እህት፣ ታላቅ። በጎርፉ ዓመት የተለየች። ግንባሯ ላይ ጠባሳ። ስልክ፦ አራት፣ ሰባት፣ አንድ...» ከዚያ ቀጥሎ «አንድ ዓይና፣ ቁመቱ አጭር፣ መለከት መንፋት የሚወድ» ይላል።

«አዎ! አራት ሰባት አንድ!» አባቷ ከኋላዋ ጎንበስ ብለው ኖሯል። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ሌላ ሰው ነው።»

አምስት ሰዓት አለፈ። ከወዲያ ብትመጣ፣ ከወዲህ ብትመጣ ከሦስቱ ቁጥሮች አላለፈችም። በተማረችበት ቤት ፋይል የሚበላሸው ለፈተና ነበር፤ ያበላሸው መምህሩ ራሱ ስለሆነ መልሱ መሳቢያው ውስጥ አለ። እዚህ መልሱ ማን ጋ እንዳለ አታውቅም። የተማረችው ነገር እዚህ ይሠራ እንደሆነ ከስምንት ወር ወዲህ በየቀኑ ትጠራጠራለች፤ ዛሬ ደግሞ ጨርሶ መማሯንም ተጠራጠረች።

ወንበሯን ወደ አባቷ አዞረች። «አባዬ፣ አትደብቀኝ። ማጠጋጊያው እየሄደ ሳለ የሆነ ነገር አድርገሃል።»

«ያልሽኝን ነው ያደረግኩት።»

«ምን አልኩህ?»

«አጥፋው አልሽኛ።»

«አዎ፣ አሮጌውን አጥፋው ብዬሃለሁ።»

«አጠፋሁታ!»

«አላጠፋኸውም! ይኸው ፋይሉ ቁጭ ብሏል።»

«ደግሞ ፋይል ማን አለ? አጥፍቼው፣ ለሹፌሩ ቁጥሩን ላወጣለት ብዬ መልሼ አበራሁት።»

«አበራኸው» አለች ቀስ ብላ። «አበራኸው።»

እሷ አጥፋው ያለችው አሮጌውን ፋይል ነበር፤ ሁለት ቦታ መዝገብ እንዳይኖር ይፋቅ ማለቷ። እሳቸው የሰሙት አሮጌውን ኮምፒውተር ነው። በተማረችበት ቋንቋ ለሁለቱ ሁለት ቃል አለ፤ አንዱን በልቧ ይዛ ሌላውን የምትናገር አልመሰላትም። በአባቷ ቤት ግን መብራትም፣ እሳትም፣ ጽሑፍም የሚጠፋው በአንድ ቃል ነው።

«ሥራ ላይ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል ልልሽ አፌን ስከፍት» አሉ አባቷ፣ «‹አሁኑኑ አጥፋው፣ ሰልፍ ላይ ነኝ› ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ከአንቺ በላይ አላውቅ ብዬ...»

«እንዴት አጠፋኸው?»

«በቁልፉ እንቢ አለኝ። ከሶኬቱ ነቀልኩት።»

ሳቋ መጣ፤ ግን አፏ ላይ ሳይደርስ ሌላ ሐሳብ ቀደመው። ማጠጋጊያው ማንንም ከቦታው ከማንሳቱ በፊት የነበረበትን በአንዲት ትንሽ ፋይል ይመዘግባል። ሥራው ሲያልቅ ትንሿ ፋይል በራሷ ትወገዳለች። መሃል ላይ ከተቋረጠ ግን ከመዝገቡ ጎን እንደተቀመጠች ትቀራለች፤ በእሷ መሠረት ሁሉን ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። ዘልላ ወደ አሮጌው ሄደች። ከመዝገቡ ጎን ባዶ ነው። ቁልቁል ወረደች፣ ሽቅብ ወጣች፤ የለም።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ትንሽ ፋይል አልነበረም? ስሙ ‹መዝገብ› ብሎ ጫፉ ላይ ቁጥር ያለው?»

«ነበረ።»

«አጠፋኸው?»

«አጠፋሁት አልኩሽ እኮ! ስንቴ ላስረዳሽ!»

ተቀመጠች። ከዚህ በኋላ የቀረው ለሹፌሩ የሚነገረውን ማሰብ ነው። እህትህ ተገኝታ ነበር፤ ከቁጥሯ ሦስቱ እነዚህ ናቸው፤ የቀረውን አንድ ዓይና ሰውዬ በልቶታል። ማን ይንገረው? ጥፋቱ የማን ነው ብሎ ቢጠይቅ ማን ይቆማል? ዘበኛው አንገቱን ብቅ አድርጎ ፊቷን ሲያይ ሬዲዮውን ዘግቶ ተመለሰ።

አባቷ በጭንቀት ጎንበስ አሉ። «ምነው ልጄ? ኮምፒውተሩን አይደል እንዴ የምትዪው?»

«ፋይሉን ነው የምልህ! ትንሹን ፋይል!»

«እሱንማ ለምን አጠፋለሁ!» አባቷ ቀና አሉ፤ እንደ መቆጣትም አላቸው። «በዚህ ቤት ባለቤቱ ያልታወቀ ወረቀት ተቀድዶ ያውቃል?»

ከመደርደሪያው ጫፍ «ባለቤት አልባ» የሚል ሳጥን አለ። ጀርባቸው ያልተጻፈ ፎቶዎች፣ ግማሽ ደብዳቤዎች፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሕፃን ጫማ፤ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም አልተጣለም። አባቷ ኮምፒውተሩን መልሰው ሲያበሩ እሳቸው ያልሠሩት ፋይል አገኙ። የሰው ነው አሉ። በዚያው ኮምፒውተር «ባለቤት አልባ» የሚል ማህደር ከፈቱለት፣ አስገቡት።

«ቁጥርም ሰጥቼዋለሁ» አሉ። «ስሙ የማይረባ ነበር፤ በደንቡ መሠረት ቀኑን ጽፌ አንድ ብዬዋለሁ።»

እዚያው ነበር። የማንም ያልሆነ፣ በሥርዓት ስም የወጣለት። እሷ እንዳሰበችው ገብቷቸው ቢሆን ኖሮ አሮጌውን ሁሉ ፍቀው፣ ከእሱም ጋር ሃያ ሦስት ሰው ፍቀው ነበር። ስላልገባቸው አበላሹት፤ ስላልገባቸውም አዳኑት። ታመስግናቸው ወይስ ትቆጣቸው? ወይስ ይቅርታ ትጠይቅ? ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለም። ትንሿን ፋይል ወደ አዲሱ ገልብጣ የቀድሞ ስሟን መለሰችላት፣ ከተበላሸው ቅጂ ጎን አስቀመጠቻት፣ ፕሮግራሙን ከፈተች።

«ያልተጠናቀቀ ጥገና ተገኝቷል። ወደ ነበረበት ይመለስ?» አለ ስክሪኑ።

«ምን ይላል?»

«ወደ ነበረበት ልመልሰው ወይ ይላል።»

«ታዲያ መልሰው በዪዋ! ምን ያስጠይቃል!»

ጣቷን ቁልፉ ላይ አኖረች። ስሟን ስትመልስ አንድ ፊደል ተሳስታ ቢሆንስ? ትንሿ ፋይል ራሷ ሶኬቱ ሲነቀል ግማሽ ላይ ቀርታ ቢሆንስ? በቅጂ ላይ ነው የምትሠራው፣ ቢበላሽ ሌላ ቅጂ አለ ብላ ራሷን አረጋጋች፤ ራሷም አላመነቻትም። ተጫነችው።

ቁጥሮቹ መውጣት ጀመሩ። መቶ፣ ስድስት መቶ፣ ሁለት ሺህ። አራት ሺህ አንድ መቶ ሁለት ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

ከውጭ የተሳቢ ጥሩንባ ፎቁን አንቀጠቀጠው፤ ቀጥሎ በሩ ጨለመ። ሹፌሩ ለመግባት ትከሻውን ጠመም ማድረግ ነበረበት።

«ጋሼ፣ ‹ና› ብለውኛል አሉኝ። እቸኩላለሁ፣ ሞተር አላጠፋሁም።»

«አታጥፋ!» አሉ አባትና ልጅ በአንድ አፍ።

ሹፌሩ ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። «ኧረ አላጠፋም። ምን ተገኘ?»

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉ አባቷ። «ቅድሚያ እዚህ ላይ ፈርም።»

«ምኑን ነው የምፈርመው? ሞታለች?»

«ሞት ለምን ታወራለህ! በዚህ ቤት ለሞተ አይፈረምም።»

ሰውየው ወረቀቱን አየ፣ አባቷን አየ፣ እስክሪብቶውን እንደ መፍቻ ጨብጦ ፈረመ፤ ወረቀቱ ተበሳ። ወንበሩ ከሥሩ ተንጣጣ። እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። አራት ሺህ አንድ መቶ ሁለት። አራት ሺህ አንድ መቶ ሁለት። ከዚያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የቀሩት በአንድ ጊዜ ግር ብለው አለፉ፣ ስክሪኑ ነጣ፣ መዝገቡ ተከፈተ።

አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባትን ጻፈች። እህት፣ ታላቅ። ጠባሳ። ስልክ፦ አራት፣ ሰባት፣ አንድ፣ ከዚያም የቀሩት ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል። መጨረሻው ሁለት ዘጠኝ ነው። ስምንት የሚባል በመላው ቁጥር ውስጥ የለም።

«ስምንት አላልክም ነበር?» አለች በሹክሹክታ።

«ብያለሁ» አሉ አባቷ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እንግዲህ የቱን እንመን?»

ሹፌሩ የእህቱ ስልክ መሆኑ ብቻ ገብቶት ብድግ ብሎ ባለገመዱን ስልክ ወደ ራሱ ሳበ። እሷ አነበበችለት፤ እሱ በወፍራም ጣቱ እየረገጠ ደወለ። አንዱን ስቶ እንደገና ጀመረ። ረጅም ጊዜ ጠራ። ከዚያ የስልኩ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ሁሉ ተሰማ፤ ወጣት ሴት ናት። ሹፌሩ እህቱን በስሟ ጠየቃት።

«እዚህ የሉም፣ ማዶ ቤት ናቸው። ልጥራልዎት። ማን ልበል?»

ሹፌሩ የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፈነ። «ማን ልበል ትለኛለች።»

«ወንድሟ ነኝ በላታ!» አሉ አባቷ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሳልሆን ከርሜ? በድንገት ወንድም ነኝ ብል ታምናለች? ስሜንም እኮ ያሳደጉኝ ሰዎች ቀይረውታል።»

አባቷ ለዚህ የተጻፈ ደንብ አጡ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሃሎ? ማን ልበል?» ይላል ስልኩ ከመዳፉ ሥር።

ሰውየው መዳፉን አነሳ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«ሚጢጢ ነው በያት» አለ።

«ማን?»

«ሚጢጢ።»

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲቀመጥ ቋ አለ። ከሩቅ በር ተከፈተ፣ ሰው ተጣራ፤ ከዚያ የነጠላ ጫማ ሩጫ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። ሹፌሩ ቆቡን አወለቀ፤ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም፣ አባቷን አስያዛቸው። ትንፋሽ ያጠራት ሴት ስትናገር ሰሙ፤ ምን እንዳለች ግን አልያዙትም።

«እ?» አለ ሹፌሩ። ነጻ እጁ ሆዱን ይዳብሳል። «አይ... አሁንማ ወፍሬያለሁ።»